ስለ ኩላሊት ምርመራ ታሪክና ስለ ቁጥሩ ትርጕም

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶቻችን ቃል የተነገረው ሰው ሕመሙን እያወቀ በኀፍረት ወይም በቸልታ ስለሚደብቅበት ጊዜ ነው። ነገር ግን በሽታው ራሱ ከታማሚው ተሸሽጎ የሚኖርበት ጊዜም አለ። ከነዚህ ስውር በሽታዎች አንዱ የኩላሊት በሽታ ነው። ኩላሊት ከሥራው እኵሌታውን ያህል ቢያጣ እንኳ ባለቤቱ አንዳች ሳይሰማው ይበላል፥ ይጠጣል፥ ይሠራል፥ ይተኛልም። ስለዚህ የዘመናችን ሰው የኩላሊቱን ወሬ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከገዛ ሰውነቱ ሳይሆን ከላቦራቶሪ ከምትወጣ ከአንዲት ወረቀት ነው።

በአዲስ አበባ ከተማ ከመርካቶ ጋር ተጎራብቶ በሚገኘው በአብነት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ነጋዴው የደም ግፊቱን ሊለካ፥ እናትየዋ ስለ ስኳር ሕመሟ ልትመረመር፥ ተሸካሚው ስለ ወገቡ ሕመም ሊጠይቅ ወደ ሕክምና ቤት ይገባሉ፤ ሲወጡም ቁጥር የተደረደረበት ወረቀት በእጃቸው ይዘዋል። ከቁጥሮቹም በአንዱ አጠገብ ወደ ላይ ያመለከተች ቀስት ወይም አንዲት የፈረንጅ ፊደል ቆማለች። «ኩላሊቱ ደክሟል» የሚል ወሬ ወዲያው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይዛመታል። አንዱ «እንግዲህ አለቀልኝ» ብሎ ኑዛዜውን ያስባል፤ ሌላው ደግሞ «እኔ ምንም አላመመኝም» ብሎ ወረቀቱን አጣጥፎ ከሣጥን ይከተዋል። የመጀመሪያው ገና ያልተፈረደበትን ፍርድ በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ ሁለተኛው የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ ይጥላል።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ የሐኪምንም ቦታ ልንወስድ አንሻም። ነገር ግን ያች ቁጥር ከየት እንደ መጣች፥ ማን እንዳገኛት፥ በምን እንደምትለካና ምን ያህል እንደምትታመን ታሪኳን የተረዳ ሰው ከሁለቱም ስሕተቶች ይድናል ብለን ስለምናምን፥ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

በቀድሞ ዘመን

ኩላሊት በግዕዝ ኵሊት፥ ሲበዛም ኵልያት ይባላል። በቅዱሳት መጻሕፍት ኩላሊት ከልብ ጋር ተጣምሮ፥ ሰው ሊያየው የማይችለው የተሰወረ ሐሳብ ማደሪያ ሆኖ ይጠራል። ሥራው ምን እንደ ሆነ ባልታወቀበት ዘመን እንኳ ስውርነቱ የታወቀ ነበር ማለት ነው።

ከላይ የጠቀስነው ሰፈር ስም የሆነው አብነት የሚለው ቃል ምሳሌ ወይም አርአያ ማለት መሆኑ የታወቀ ነው፤ በቀድሞ ሰዎች አነጋገር ደግሞ ለደዌ የሚታዘዝ ፈውስ ማለትም ይሆናል። የአገራችን ደብተሮች እነዚህን አብነቶች በመድኃኒት መጻሕፍት ጽፈው አቆይተውልናል፤ ከነዚህም ውስጥ ሽንቱ ለተከለከለ ሰው የሚታዘዙ ይገኙባቸዋል። አባቶቻችን የሚያክሙት በዓይን የሚታየውን ምልክት ነበር፤ ይኸውም የሽንት መከልከልን፥ የሽንት ደም መምሰልን፥ የእግርንና የፊትን እብጠት ነው። በዚህም ከሌላው ዓለም የሚያንሱ አልነበሩም። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሐኪምም ሽንትን በብርጭቆ አድርጎ ወደ ብርሃን እያነሣ በመልኩ ብቻ ይፈርድ ነበር።

ከዚያ ዘመን የተረፈን አንድ ልማድ ግን አለ። ዛሬም ወገቡን የታመመ ሰው ሁሉ «ኩላሊቴን አመመኝ» ይላል። በእርግጥ የኩላሊት ጠጠርና በኩላሊት ውስጥ የገባ ምርቀዛ ያማሉ። የወገብ ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጡንቻና ከአከርካሪ አጥንት የሚመጣ ነው። ቀስ በቀስ እየበላ የሚጨርሰው የኩላሊት በሽታ ዝም ብሎ ይመጣል እንጂ ወገብን አይቆርጥም። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ጤነኛ ኩላሊቱን ሲጠራጠር ይኖራል፤ የታመመ ኩላሊት ያለው ደግሞ ሳይጠራጠር ይኖራል።

ማንኪያና ሻማ

ይህን ዝምታ በምርመራ ለመስበር ከቻሉት ሰዎች ስሙ አስቀድሞ የሚነሣው እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ብራይት ነው። ይህ ሰው በለንደን ከተማ በጋይ ሆስፒታል ሲሠራ ሰውነታቸው አብጦ የሚመጡትን ሕመምተኞች ያስተውል ነበር። ሽንታቸውንም በማንኪያ አድርጎ በሻማ ነበልባል ላይ ሲያሞቀው፥ የእንቁላል ነጭ ውሃ በእሳት እንደሚረጋ ሁሉ ሽንቱ ይረጋ ነበር። እነዚያ ሕመምተኞች ሲሞቱም አስከሬናቸውን መርምሮ ኩላሊታቸው የተበላሸ ሆኖ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ እብጠቱ፥ በሽንት ውስጥ የሚረጋው ነገርና የኩላሊቱ መበላሸት የአንድ በሽታ ሦስት ገጽታዎች መሆናቸውን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን በሽታው «የብራይት በሽታ» እየተባለ ተጠራ።

በማንኪያው ውስጥ የረጋው ነገር አልቡሚን የሚባል የፕሮቲን ዐይነት ነው። ይህ ነገር በሽንት ውስጥ ለምን እንደሚገኝ ለመረዳት የኩላሊትን ሥራ በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ኩላሊት የሰው ጭብጥ የሚያህል ሲሆን፥ በውስጡ 1 ሚሊዮን ያህል በዓይን የማይታዩ ማጣሪያዎች አሉት። ሁለቱ ኩላሊቶች በአንድ ቀንና ሌሊት ከደም ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ከዚህም የሚበልጠውን መልሰው ወደ ደም ያገቡትና 1 ሊትር ተኩል ያህሉን ብቻ በሽንት ያስወጣሉ። ጤነኛ ማጣሪያ እንደ ጥሩ የጠጅ ማጥለያ ነው፤ ውሃውንና ጥቃቅኑን ያሳልፋል፥ ትልቁን አልቡሚን ግን ያስቀራል። ማጥለያው ሲቀደድ አልቡሚኑ ከሽንት ጋር ይፈስሳል።

ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሽንት ምርመራ የሚደረግባት ቀጭን ቁራጭ ወረቀት የብራይት ማንኪያና ሻማ ወራሽ ናት። በሽንት ተነክራ ከቢጫነት ወደ አረንጓዴ የምትለወጠው በፕሮቲኑ ምክንያት ነው፤ ውጤቱም በአንድ፥ በሁለት ወይም በሦስት የመደመር ምልክት ይጻፋል። ዋጋዋ ርካሽ ነው፤ የምትናገረው ግን ብዙ ጊዜ ከደሙ ቁጥር የሚቀድም ወሬ ነው። ማጥለያው መቀደዱ የሚታወቀው የማጥለል ኀይሉ ገና ሳይቀንስ ነውና።

ከሥጋ የተገኘ ቁጥር

በወረቀቱ ላይ ሰውን ሁሉ የምታስደነግጠው ቃል ክሪያቲኒን የምትባለው ናት። ስሟ «ሥጋ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሚሼል ሸቭረል እ.ኤ.አ. በ1832 ከሥጋ መረቅ ውስጥ ክሪያቲን ብሎ የሰየመውን ነገር አወጣ፤ ጀርመናዊው ዩስቱስ ሊቢግም እ.ኤ.አ. በ1847 ከዚያ የሚገኘውን ተረፈ ነገር ክሪያቲኒን ብሎ ጠራው። የሰው ጡንቻ በየቀኑ ይህን ተረፈ ነገር በተመጣጠነ መጠን ወደ ደም ይለቃል፤ ኩላሊትም እያጣራ ያስወጣዋል። ኩላሊት ሲደክም ክሪያቲኒን በደም ውስጥ ይከማቻል። የምርመራው ምሥጢር ይኸው ነው።

የቀረው ነገር እንዴት ይለካል የሚለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 በኮኒግስበርግ ከተማ ያስተምር የነበረው ማክስ ያፌ፥ ክሪያቲኒን ፒክሪክ አሲድ ከሚባል ቢጫ ነገር ጋር ሲገናኝ ወደ ብርቱካን ቀይ እንደሚለወጥ አየ። እ.ኤ.አ. በ1904 ደግሞ የስዊድን ተወላጅ የሆነው ኦቶ ፎሊን በአሜሪካ አገር የቀለሙን ጥልቀት እያስተያየ መጠኑን የሚያውቅበትን ዘዴ አወጣ። ይህ የቀለም ዘዴ ዋጋው ቀላል ስለ ሆነ ከ100 ዓመት በላይ አልፎት እስከ ዛሬ በብዙ ላቦራቶሪዎች ይሠራበታል።

ነገር ግን ቀለም ሊያታልል ይችላል። በደም ውስጥ ከክሪያቲኒን በቀር ሌሎች ነገሮችም ያንኑ ቀለም ያወጣሉ፤ ለምሳሌ ሰው ለብዙ ጊዜ ሳይበላ ሲቆይ ወይም ስኳሩ እጅግ ሲያስቸግረው የሚበዙት አሲዶች፥ እንዲሁም አንዳንድ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ቁጥሩን ከእውነተኛው ከፍ አድርገው ሊያሳዩ ይችላሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ቁጥሩ ዘግይቶ የሚናገር ምስክር ነው። ኩላሊት የሥራውን እኵሌታ እስኪያጣ ድረስ ክሪያቲኒን እምብዛም ላይነቃነቅ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ግን በፍጥነት ይወጣል። እንግዲህ ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ልክ ነው የተባለ ቁጥር ሁሉም ጤና አይደለም።

ከቁጥር ወደ ግምት

ሊቃውንቱ በዚህ አልረኩም። ሊያውቁ የፈለጉት በደም ውስጥ ምን ያህል ተረፈ ነገር እንዳለ ብቻ ሳይሆን ኩላሊት በአንድ ደቂቃ ምን ያህል እንደሚያጣራ ነው። ዴንማርካዊው ፖል ብራንት ሬበርግ እ.ኤ.አ. በ1926 ክሪያቲኒን በውሃ በጥብጦ ራሱ ጠጥቶ፥ ደሙንና ሽንቱን እየለካ ይህን መጠን ፈለገ። ይህ ትክክለኛ መንገድ ቢሆንም የአንድ ቀን ሽንት ሳያፈሱ ማጠራቀም ስለሚጠይቅ ለሐኪምም ለሕመምተኛም አድካሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 በካናዳ ኮክክሮፍትና ጎልት የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የ249 ሰዎችን ምርመራ አጥንተው፥ ሽንት ሳይጠራቀም ከደም ክሪያቲኒን፥ ከዕድሜና ከክብደት ማጣሪያውን የሚገምት ስሌት አወጡ። ያጠኗቸው ሰዎች ከጥቂቶች በቀር ወንዶች ነበሩ። ሌሎች ስሌቶችም እ.ኤ.አ. በ1999ና በ2009 ተከተሉ።

እነዚህ የኋለኞቹ ስሌቶች እኛን በቀጥታ የሚነካ ነገር ነበረባቸው። በአሜሪካ የተሠሩ ሲሆኑ፥ ተመርማሪው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን ከፍ የሚያደርግ ማባዣ ነበራቸው፤ በ2009ኙ ስሌት ጭማሪው 16 ከመቶ ያህል ነበር። በዚህም ምክንያት ከሁለት ሰዎች፥ ዕድሜያቸውም ክሪያቲኒናቸውም አንድ ሆኖ ሳለ፥ የጥቁሩ ኩላሊት በወረቀት ላይ ከነጩ የተሻለ መስሎ ይታይ ነበር። ወደ አሜሪካ የሄደ ኢትዮጵያዊም በዚሁ ሚዛን ይመዘን ነበር። ኩላሊቱ ሲደክም ወደ ልዩ ሐኪም የሚላክበትና ለንቅለ ተከላ ተራ የሚይዝበት ቀን በዚህ ማባዣ ሊዘገይ እንደሚችል ከብዙ ክርክር በኋላ ስለ ታመነ፥ እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ የኩላሊት ማኅበራት ማባዣው እንዲቀርና ዘርን የማይጠይቅ አዲስ ስሌት እንዲሠራበት ወሰኑ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለወቀሳ ብቻ አይደለም። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰዎች የሠሩት፥ ሰዎችም የሚያርሙት ግምት መሆኑን ስለሚያስረዳ ነው።

ወረቀቱን ስለ ማንበብ

የመርካቶ ነጋዴ የአንድ ቀን ዋጋ ሰምቶ የዓመቱን ገበያ አይፈርድም፤ ዕቃው በምን ሚዛን እንደ ተመዘነ፥ ከየት እንደ መጣ፥ ትናንትና ስንት እንደ ነበረ ይጠይቃል። የላቦራቶሪ ወረቀት የያዘ ሰውም ከሐኪሙ ፊት ቀርቦ እንዲሁ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

አንደኛው ጥያቄ ቁጥሩ በየትኛው ሚዛን ተጻፈ የሚል ነው። ክሪያቲኒን በብዙ ላቦራቶሪዎች በሚሊግራም በዴሲሊትር ይጻፋል፤ የጤነኛ አዋቂ መጠኑም በግምት ከ0.6 እስከ 1.2 ነው። ሌሎች ላቦራቶሪዎች ግን በማይክሮሞል በሊትር ይጽፉታል፤ በዚህ ጊዜ 1 ሚሊግራም የተባለው 88 ሆኖ ይታያል። በፈረሱላ የተመዘነውን ከኪሎ ጋር ያስተያየ ሰው እንደሚሳሳት ሁሉ፥ ትናንት 1 ያየ ሰው ዛሬ 88 ሲያይ በከንቱ ይደነግጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ ቁጥሩ የማን ነው የሚል ነው። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚመጣ ስለ ሆነ በጕልበት ሥራ የዳበረ ተሸካሚና በዕድሜ የከሳች እናት አንድ ቁጥር ቢይዙ ትርጕሙ አንድ አይደለም። ለምሳሌ ክሪያቲኒኑ 1.4 የሆነ የ40 ዓመት ወንድ በ2021ዱ ስሌት ማጣሪያው 65 ያህል ይሆናል፤ ያው 1.4 በ70 ዓመት ሴት ላይ ሲገኝ ግን ማጣሪያው 40 ያህል ነው። የመጀመሪያው ክትትል የሚበቃው ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛይቱ ግን በብርቱ መመርመር ይገባታል።

ሦስተኛው ጥያቄ ደሙ የተቀዳው በምን ቀን ነው የሚል ነው። ሰው ውሃ ሳይጠጣ በፀሐይ ሲሠራ ከዋለ፥ ተቅማጥ ወይም ትኵሳት ከያዘው፥ ብዙ የበሰለ ሥጋ በልቶ ከመጣ ቁጥሩ ለጊዜው ከፍ ሊል ይችላል። ትኵሳትና ከባድ ድካም በሽንት ውስጥም ፕሮቲን ለጊዜው ሊያሳዩ ይችላሉ። እንዲሁም ለደም ግፊትና ለኩላሊት የሚታዘዙ እንደ ኢናላፕሪል ያሉ መድኃኒቶች ሲጀመሩ ክሪያቲኒንን ጥቂት ከፍ ያደርጋሉ፤ በኋላ ግን ኩላሊትን ይጠብቃሉ። ስለዚህ ሐኪም ሳያማክሩ መድኃኒቱን ማቋረጥ ጕዳት አለው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ስንት ጊዜ ታየ የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካ የኩላሊት ሐኪሞች ባወጡትና ከዚያ ወዲህ ዓለም በተቀበለው ደንብ መሠረት፥ ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ አለ የሚባለው ማጣሪያው ከ60 በታች ሲሆን ወይም በሽንት ፕሮቲንን የመሰለ የጕዳት ምልክት ሲገኝ፥ ይኸውም 3 ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ ነው። አንድ ወረቀት እንግዲህ ክስ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ደንቡ ሕመሙን በ5 ደረጃ ይከፍለዋል፤ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ የሚታሰብበት ማጣሪያው ከ15 በታች የሆነበት የመጨረሻው ደረጃ ነው። በመካከለኛው ደረጃ ላይ ካሉት ሰዎች ብዙዎቹ በጥሩ ክትትል ዕድሜያቸውን ሙሉ እጥበት ሳያስፈልጋቸው ይኖራሉ።

ይህን ስንል ሁሉም ሰው 3 ወር ተቀምጦ ይጠብቅ ማለታችን አይደለም። ሽንቱ የቀነሰበት ወይም ደም የመሰለበት፥ ፊቱና እግሩ ያበጠ፥ ትንፋሽ ያጠረው፥ ማስመለስ የያዘው ወይም ቁጥሩ በጥቂት ቀን ውስጥ የጨመረበት ሰው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። የ3 ወሩ ደንብ የተሠራው በሽታውን ለመሰየም ነው እንጂ ሕክምናን ለማዘግየት አይደለም።

የተተካው ኩላሊት

ሰው ወረቀቱን አይቶ የሚፈራው ስለ ሞትና ስለ እጥበት ስለ ሆነ፥ የእጥበትንም ታሪክ ማስታወስ ይገባል። ከ80 ጥቂት ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ሁለቱ ኩላሊቶቹ የቆሙበት ሰው በዓለም ላይ በየትም አገር ቢሆን መዳኛ አልነበረውም። ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ አገሩ በጀርመኖች ተይዛ ሳለ በካምፐን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1943 የቋሊማ መጠቅለያ ከሚሆን ሴሎፋን ሰው ሠራሽ ኩላሊት ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች በብዛት ሞቱበት፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ግን አንዲት የ67 ዓመት ሴት ከሞት አፋፍ ተመለሰች። እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ ቤልዲንግ ስክሪብነር በክንድ ላይ የሚቀር ቱቦ አዘጋጅቶ እጥበቱ ለዓመታት እንዲደጋገም አደረገ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 በቦስተን ጆሴፍ ማሬ ከአንድ መንትያ ኩላሊት ወስዶ ለወንድሙ ተክሎ ተሳክቶለት ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በጣልያን ወረራ ዘመን የከተማይቱ ትልቅ ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ አሁን መርካቶ ወደምንለው ሥፍራ ሲዛወር፥ በዙሪያው የሰፈረው ሕዝብ ስለ ኩላሊቱ የሚነግረው የደም ቁጥር አልነበረም። ከአብነት በስተ ሰሜን ያለው ፓስተር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በ1940ዎቹ ዓ.ም. ከተቋቋመው የፓስተር የምርምር ተቋም ነው፤ በዚያው ሥፍራ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። በዚያው አካባቢ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ረዳትነት በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደረገ። ከዚያ በፊት ንቅለ ተከላ የሚያስፈልገው ኢትዮጵያዊ ገንዘብ ቢያገኝ ወደ ሕንድና ወደ ሌላ አገር ይጓዝ ነበር፤ ባያገኝ ግን ይቀር ነበር።

ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም ችግሩን አልጨረሰውም። ንቅለ ተከላ ኩላሊቱን የሚሰጥ ዘመድ ይፈልጋል። እጥበት ደግሞ እንደ ደንቡ በሳምንት 3 ጊዜ፥ በየጊዜውም 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ወጪውም የአንድን ቤተ ሰብ ጥሪት ያሟጥጣል። ለእጥበት ገንዘብ ስትሰበስብ የኖረች እናት፥ ለወንድሟ ኩላሊቷን የሰጠች እኅት፥ ሱቁን የሸጠ ነጋዴ በመካከላችን ብዙ ናቸው። ብዙ ሕመምተኛ በአገራችን ወደ ሐኪም የሚደርሰው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ሆኖ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚቀረው መንገድ ውድና ጠባብ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ግን ርካሽና ሰፊ ነው። ኩላሊትን በብዛት የሚጎዱት የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ናቸው፤ በወጣቶችም የማጣሪያው ቍጣ፥ የሽንት መውጫ መታገድና ያልታከመ ምርቀዛ ይጨመራሉ። ግፊቱን የሚቈጣጠር፥ ስኳሩን የሚጠብቅ፥ ጨው የሚቀንስ፥ ሲጋራ የሚተው ሰው ኩላሊቱን ይጠብቃል። ለወገብና ለራስ ሕመም ሐኪም ሳያዝ በየቀኑ የሚዋጡት እንደ ዲክሎፌናክና እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች የደከመ ኩላሊትን ይበልጥ ያደክማሉ። ምንነቱ ያልታወቀ ሥር በጥብጦ «ኩላሊት ያጥባል» ተብሎ የሚሰጥም እንዲሁ ነው። የአባቶቻችንን አብነት ማክበር ሌላ፥ መጠኑና ጠባዩ ያልታወቀውን መጠጣት ሌላ ነው። ብዙ ውሃ መጠጣትም ለሁሉ አንድ ዐይነት ምክር አይደለም፤ ሰውነቱ ያበጠና ሽንቱ የቀነሰ ሰው ስንት ይጠጣ እንደ ሆነ ሐኪሙ ይወስንለታል።

ማጠቃለያ

በማንኪያና በሻማ የተጀመረው ምርመራ ዛሬ በጥቂት ጠብታ ደምና በቁራጭ ወረቀት ይፈጸማል። ብራይት በሽታውን የሚያውቀው ሕመምተኛው አብጦ ሲመጣ ነበር፤ ለመዳኛውም የሚሰጠው እምብዛም አልነበረም። የዛሬ ሰው ግን ገና ሳያብጥ፥ ገና ሳይታመም ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። ብራይት ያላገኘው ጊዜ ለእኛ ተሰጥቶናል፤ ጊዜውን በድንጋጤም በቸልታም ብናጠፋው ግን የእነዚያ ሁሉ ሊቃውንት ድካም ለእኛ አልጠቀመም ማለት ነው።

ስለዚህ የምርመራ ወረቀት የደረሰው ሰው ሁሉ አይጣለው፥ አይደብቀውም። ነጋዴ የሒሳብ መዝገቡን በየዓመቱ እንደሚያስቀምጥ፥ ቀኑን ጽፎ ከቀደሙት ጋር ያኑረው፤ ወደ ሐኪም ሲሄድም ሁሉንም ይዞ ይሂድ። የሽንቱን ፕሮቲንና የደም ግፊቱን ይጠይቅ፤ ምርመራው መቼ እንደሚደገም ቀን ያስቈርጥ። በቤቱ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ዘመድ ያለው ሰውም ሳይታመም በዓመት አንድ ጊዜ ደሙንና ሽንቱን ቢያስመረምር፥ የሚያወጣው ገንዘብና የሚያጠፋው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚጠብቀው ግን የቤተ ሰቡን ኑሮ ነው።